ከታጁራ ባሕር ዳር፦ መሣሪያ ከችሎታ አይቅደም



ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነስቶ እስከ ባሕር ጠለል ይደርሳል። የኤሌክትሪኩ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ይህ ጉዞ ለብዙዎች ቀልሏል። እኛም በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ድሬዳዋንና ደወሌን አልፈን ወረድን።

ጅቡቲን ብዙዎቻችን የምናውቃት በወደብነቷ ነው። ይሁንና ከከተማይቱ በስተምዕራብ ወደ መሬት ጠልቆ የገባው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ እንዲሁም በጀልባ የሚደረስባቸው የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ከውኃው በታች ሌላ ዓለም ይዘዋል። ኮራሉ፣ ቀለማም ዓሦቹ፣ ኤሊው... የአላህን ሥራ ለሚያስተነትን ሰው ሰፊ መጽሐፍ ነው።

ባሕር ውስጥ መጥለቅ የሚጀምሩ ወጣቶች መጀመሪያ የሚያነሱት ጥያቄ «ምን ልግዛ?» የሚል ነው። ከዚህ በፊት ግን «ምን እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ገንዘብ ያለው ሰው ሙሉውን መሣሪያ በአንድ ቀን ሊገዛ ይችላል፤ ችሎታን ግን በአንድ ቀን የሚሸጥ ሱቅ የለም።

ለጀማሪ ሦስት ነገሮች ይበቁታል፦ መነጽር፣ የመተንፈሻ ቱቦና እንደ ዳክዬ እግር የተዘረጋው የመዋኛ ጫማ። መነጽሩን ስትመርጡ ማሠሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ካልወደቀ ለፊታችሁ ልክ ነው። ጠርዙ ቆዳ ላይ እንጂ ጸጉር ወይም ጨርቅ ላይ ማረፍ የለበትም። ስለዚህ የላይኛውን ከንፈር ጸጉር ማሳጠር እዚህም ይጠቅማል፤ እህቶችም የራስ መሸፈኛው ከመነጽሩ ጠርዝ ሥር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ጫማውን በተመለከተ ተረከዙ ክፍት ሆኖ ከወፍራም ካልሲ ጫማ ጋር የሚደረገው ይመረጣል፤ ድንጋያማውን ዳርቻ ያሻግራል፣ ኋላም ለጥልቁ ያገለግላል።

በነዚህ ሦስት ነገሮች ምን ይታያል ትሉ ይሆናል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በአርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚሉት ዓሣ ይመጣል። በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ምግቡ ግን በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ስለዚህም ከላይ ከላይ እየዋኙ ያዩታል። ትልቁ ትዕይንት በርካሹ መሣሪያ የሚታይ መሆኑ ለችኩል ሰው ትምህርት አይደለምን?

ሁለተኛው ደረጃ ሥልጠና ነው። በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩን፣ ሬጉሌተሩንና በአየር የሚነፋውን ጃኬት ከአሠልጣኙ መከራየት ይበጃል። ለመግዛት የሚያስፈልገው ሰውነትን የሚሸፍነው የላስቲክ ልብስ ነው፤ ለዚህ ሞቃት ባሕር 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለብዙዎች ይበቃል። ከላዩ ሰፋ ያለ ልብስ የምትደርብ እህት የክብደት ቀበቶዋ መፍቻ እንዳይሸፈንባት ታረጋግጥ፤ በጭንቅ ሰዓት በአንድ እጅ የሚፈታ መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሚገዛው የእጅ ኮምፒዩተር ነው። ጥልቀቱንና ሰዓቱን ቆጥሮ መቼ መውጣት እንዳለብን ይነግረናል። ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ኦክስጅኑ የበዛውን ናይትሮክስ የተባለ አየርና የቦታ ከፍታን የሚያሰላውን ምረጡ። ነገ ችሎታችሁ ሲያድግ ሌላ አትገዙም፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለው በላንጋኖ ሐይቅ መጥለቅ ቢያምራችሁ እንኳ ያገለግላል።

ሬጉሌተርና ጃኬት የሚገዙት በመጨረሻ ነው። ሬጉሌተሩ በሲሊንደሩ አፍ ውስጥ በጥርስ የሚታሠር ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ በማገናኛ አማካይነት ለሌላውም ዓይነት ይሆናልና። ጥልቀት ሲጨምርና አየሩ ሲያንስ አተነፋፈሱ የማይከብደውን ጠይቁ። በአካባቢያችሁ የሚጠግነው ባለሙያ ከሌለ ግን ምርጥ የተባለውም ዕቃ ኪሳራ ነው።

ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል የምንዘረዝረው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ ያለ ሰው ላዩ ላይ ከሚጠቀመው አራት እጥፍ አየር ይጨርሳል። በአንድ በስፋት በሚሠራበት ሰንጠረዥ 18 ሜትር ላይ እስከ 56 ደቂቃ መቆየት ሲቻል፣ 30 ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። ውድ መሣሪያ ያልሠለጠነን ሰው ወደ ጥልቁ ያደርሰዋል፤ ከዚያ የሚመልሰው ግን ዕውቀቱ ነው።

ለእኛ ለደገኞች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ከመጥለቅ በኋላ ቶሎ አውሮፕላን መሳፈር አደገኛ መሆኑን ብዙዎች ሰምተዋል። ወደ አዲስ አበባ በባቡር ወይም በመኪና መውጣትም ያው መሆኑን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። በግፊት ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ከፍታ ሲጨምር እንደ ተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ያወጣል። መገጣጠሚያን ያማል፣ ሰውነትን ሽባ ያደርጋል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ባሕር ዳር ይቆይ። የመልስ ትኬቱም ይህን አስቦ ይቆረጥ።

እንግዲህ እናንት ወጣቶች፣ ባሕሩን ሂዱና እዩት። ወላጆችም ልጆቻችሁ «ይህን ግዙልን» ሲሏችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት «ለየትኛው ችሎታህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተገኘ ግዙ፤ ካልተገኘ ግን ገንዘቡን ለሥልጠናው አውሉት። ነፍስ አማና ናትና!