ኤፍ ኤም ብቻ ሰምቼ የገዛሁት ሬዲዮ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አልጽፍም። ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንድ አባት በውስጥ መስመር "ልጄ ከዓረብ አገር ብር ልኮልኛል፤ ከተማ ውስጥ ያገለገለ ትልቅ የሶኒ ሬዲዮ አይቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" ብለው ጠየቁኝ። በሁለት መስመር ልመልስላቸው ጀመርኩና አቃተኝ። እኔም ገዝቼ ነበራ! አገዛዜን ደግሞ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

አባቴ ሬዲዮ ሰሚ ነው። እርሻ ውሎ፣ ከብቱን አስገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን የጀርመን ድምፅን ይከፍታል። የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለሆነ እሱና አባቴ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ስልክ ለእሱ መደወያ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ አይታየውም። ኔትወርኩንም እናንተው ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ያለችው ያቺ የቻይና ትንሽ ሬዲዮ ናት። እሷ ደግሞ አንዱን ጣቢያ በሌላው ላይ ትደርበዋለች፤ ዜናው መሀል ላይ ሲደርስ የማናውቀው ቋንቋ ዘፈን ይገባበታል። አባቴ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ቁልፏን በጥፍሩ እየነካካ ሲታገል ማየት ሰለቸኝ።

ካቻምና ደመወዜን ሰብሰብ አድርጌ ጥሩ ሬዲዮ ልገዛለት ወሰንኩ። በስልኬ ሳነብ አመሸሁ፤ ልቤ ያረፈው ሶኒ አይ ሲ ኤፍ 2001ዲ በሚባለው ላይ ነው። ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሸጠ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ አይ ሲ ኤፍ 2010 ይሉታል። ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፣ ጣቢያውን በቁጥር ትጽፉለታላችሁ፣ 32 ጣቢያ በማስታወሻው ይይዛል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይጎረብጣል። ይሄ ሬዲዮ ያንን መጎርበጥ የሚቀንስ፣ ሁለት ጣቢያ ሲጠጋጋም የጠራውን ወገን መርጦ የሚያሰማ ሥራ ውስጡ አለው። ለአባቴ የተሠራ ነው አልኩ።

ፈልጌ ፈልጌ ከተማ አንድ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ባለሱቁ "የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ጭረት እንኳ የለውም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጭረት የለውም። ሶኬት ላይ ሰካና ኤፍ ኤም ከፈተልኝ። ድምፁ ቤቱን ሞላው! የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫውን ከፍቼ አየሁ፤ ዝገት የለም፣ የፈሰሰም የለም። 9,500 ብር ቆጥሬ ከፈልኩ። ልብ በሉ፣ እኔ ማለት እናንተን "ዘር ከመዝራታችሁ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሉና ስንቱ እንደበቀለ እዩ" የምል ሰው ነኝ። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፣ ታስኬዱታላችሁ፣ የምታውቁት ሰው ከሆነም ጠምዳችሁ ትሞክሩታላችሁ። እኔ የአጭር ሞገዱን ቁልፍ እንኳ አልነካሁም። ሱቁ ውስጥ አጭር ሞገድ ያው አይሰማም ብዬ ነው። ባለሱቁም እንደዚያው አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ።

ቤት ገባሁ። ሦስት ትልልቅ ድንጋይ፣ ለማስታወሻውና ለሰዓቱ ደግሞ ሁለት ትንንሽ አስገባሁ። አባቴ መደብ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። 1 ሰዓት ሆነ። ሽሽሽ ብቻ። አንድ ሁለት ኃይለኛ ጣቢያ ማዶ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ይሰማል፤ ሌላው ጭጭ። መጀመሪያ የሶላር መብራቱ ነው አልኩ፤ ርካሽ የሶላር መቆጣጠሪያና የአምፖል ነገር አጭር ሞገድን እንደሚረብሽ አንብቤ ነበርና። መብራቱን አጠፋሁ። ከዚያ ቆርቆሮው ነው ብዬ ደጅ ወጣሁ። በማግስቱ ደግሞ ተራራው ጋርዶት ነው ብዬ አቀበቱን ወጣሁ፣ ሁለት ኪሎ ተሸክሜ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ምንም ሳይል ያቺን ትንሿን ሬዲዮ አምጥቶ ጎኑ አስቀመጠና ከፈታት። "ይህ የጀርመን ድምፅ ነው" አለች። አጠገቧ ያለው 9,500 ብር ዝም ብሏል።

እንግዲህ የማፍርበት ክፍል ይሄ ነው። ባለሱቁ "ስትገዛ ሰምተኸዋል" ብሎ አልመልስም አለኝ። አንድ ጓደኛዬ "አንተም እንደሱ አድርግ፣ ኤፍ ኤም አሰማና ሽጠው" አለኝ። ነውር ነው አላልኩትም፤ ዝም አልኩ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ከጎረቤት ቀበሌ አንድ ትልቅ ሰው ሙክት ሸጠው፣ ብሩን በጨርቅ ቋጥረው እሑድ ጠዋት መጡ። ያለፈው ዓመት ስንዴ ላይ የነገርኳቸው ስለሠራላቸው "ባለሙያው የያዘው ዕቃ አይከፋም" ብለው ነው የመጡት። ኤፍ ኤሙን ከፈትኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደስ አላቸው፣ ቋጠሯቸውን ይፈቱ ጀመር። እኔ ወለሉን አያለሁ።

አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ "ኧረ ምን አስቸኮለዎት! ይምሹና የጀርመኑን ይስሙበት እንጂ። በኤፍ ኤም ምን ይታወቃል?" አላቸው። በየዋህነት ይሁን እኔን ሊያድነኝ ብሎ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። ሰውዬው ወደ እኔ ዞሩ። ያኔ "አጭር ሞገዱ አይሠራም" አልኳቸው። ብራቸውን መልሰው ቋጠሩ። የቀረበላቸውን ጠላ ጠጡና ሲወጡ "ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ዓመት የመስመር መዝራት ሥልጠና ላይ ስጠራቸው አልመጡም።

ሬዲዮው በኋላ ዳነ። የወረዳችን ሬዲዮ ጠጋኝ ሳይነካው "ይሄ ከእኔ በላይ ነው" ብሎ መለሰኝ፤ እግዜር ይስጠው። ዞን ከተማ ያለው ባለሙያ ከፍቶ አየው። ከአንቴናው የሚመጣውን የአጭር ሞገድ ምልክት ተቀብላ የምታጎለብት፣ ኪው 303 የምትባል ትንሽ ትራንዚስተር አለች፤ የዚህ ሬዲዮ የታወቀ ደካማ ጎኑ እሷው ናት። የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ በአንቴናው ከመጣባት ትቃጠላለች። ኤፍ ኤም በሌላ መንገድ ስለሚገባ እሷ ብትሞትም ኤፍ ኤሙ ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለሙያው ከሞተ ሬዲዮ የሚመሳሰላት ነቅሎ ተካት። ዋጋው ለእኔ የድካሙን ያህል እንኳ አልሆነም።

አሁን ወደ ጠየቁኝ አባት ልምጣ። ከመግዛትዎ በፊት ያለችውን ትንሿን ሬዲዮ ይያዙና ከሰባት እስከ አሥር ሜትር የሚሆን ሽቦ ከአንቴናዋ ጋር አስረው ሌላውን ጫፍ ደጅ ዛፍ ላይ ይስቀሉት። ከኤሌክትሪክ መስመር ግን ይራቅ። የሶላሩን መብራት አጥፍተው ይስሙ። ለብዙዎቻችሁ ይሄ ይበቃል፤ ብሩ ለሌላ ይተርፋል። የሚያደምጧቸው ጣቢያዎች በአጭር ሞገድ ዛሬም መኖራቸውንም ያረጋግጡ። የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ሲቋረጥ አባቴ ሬዲዮው እንደገና የተበላሸ መስሎት ሁለት ሌሊት ነካክቶታል።

እገዛለሁ ካሉ ደግሞ ያቺን ትንሽ ሬዲዮ ይዘው ይሂዱ። ባለሱቁን "ደጅ እንውጣ" ይበሉት። እምቢ ካለ ጨርሰዋል፣ ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ቀን ከሆነ ከ11,600 እስከ 12,100 ኪሎ ኸርዝ፣ ወይም 15,100 አካባቢና ከዚያ በላይ ይፈልጉ፤ በቀን ሩቅ የሚሄደው ከፍ ያለው ቁጥር ነው። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ5,900 እስከ 6,200 እና ከ7,200 እስከ 7,450 ያለው ይደምቃል፣ 9,400 እና ከዚያ በላይ ያለውም ይጨመራል። ስለዚህ ብችል አመሻሽ ላይ እገዛ ነበር። በሁለቱም ሬዲዮ አንድ ጣቢያ ይክፈቱ፤ ትንሿ እየሰማች ትልቁ ካልሰማ ምክንያት አይቀበሉ። አንቴናውን ሙሉ አውጥተው ጫፉን በጣትዎ ሲነኩት ጩኸቱ መለወጥ አለበት። ምንም ካልተለወጠ የእኔ ዓይነት ነው። የድንጋይ ማስቀመጫውን ማየትም አይቅር፤ ድንጋይ ፈሶበት የበላውን ሬዲዮ አንዳንዴ ማዳን አይቻልም። በስንት ድንጋይ እንደሚሠራም ይጠይቁ፤ በወር ስንት ጊዜ ሊገዙ ነው?

ሬዲዮው ዛሬም አባቴ ጋር ነው። የመጀመሪያው ምሽት ጀርመኖቹ ጥርት ብለው ሲገቡ "ይሄ ሰውዬ ድምፁ እንዲህ ነው እንዴ?" ብቻ ነው ያለው። ደጅ ሽቦ ሰቅለንለታል፤ ከሰኔ ጀምሮ ግን ሰማዩ ሲያጉረመርም ከየትም ቢሆን ተነሥቶ መጀመሪያ የሚነቅለው ሽቦውን ነው፤ ያኔ የተሰጣውን እህል የምናስገባው እኛ ነን። እናንተም ሽቦ ከሰቀላችሁ ደመና ሲጠቁር ንቀሉ፤ መብረቁ ለትራንዚስተሯ ብቻ አይደለም የሚያሰጋው።

እኚያን ሙክት ሻጭ ሰው ዘንድሮ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው፤ መለሱልኝ። ሬዲዮው እንደተሠራ ነገርኳቸውና አንድ ምሽት መጥተው እንዲሰሙ ጋበዝኳቸው። "እስቲ እናያለን" አሉኝ።

በሚቀጥለው ስለ ስንዴ ዋግ እመለሳለሁ። ማሳችሁ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያያችሁ እስከዚያ ፎቶውን ላኩልኝ፤ የቅጠሉን ጀርባም ጭምር አንሡት።