ስለ ቆሻሻ መጣያና ስለ ወጥ ቤት ቁም ሣጥን

ስለ ቤት አያያዝ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የእንግዳ መቀበያው ማማር፥ የመጋረጃው ንጣትና የምግቡ ጣዕም ነው፤ ስለ ቆሻሻ መጣያ ግን አንድ ቃል የሚናገር ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔም ነገሩን እንደ ተራ ቈጥሬው ስኖር፥ ልብ ያልሁት ይህ የተናቀ ዕቃ በእናቴ ላይ ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው። የደረሰብኝን ብገልጽ አንድ ቤት እንኳ ከስሕተቴ ይማርበት ይሆናል ብዬ ይህን ጻፍሁ።

የምኖረው በአዲስ አበባ ከተማ ከጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ፥ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ወጥ ቤቴ ሁለት ሰዎች ጐን ለጐን ለመቆም የማይችሉበት ጠባብ ስለሆነ፥ መጣያው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ቢገባ መተላለፊያው ክፍት ይሆናል፥ ከዓይንም ይሰወራል ብዬ አሰብሁ። አሳቡስ መልካም ነበር። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን መርካቶ ወርጄ፥ ምንም ልኬት ሳልይዝ፥ ክዳኑ በእግር ሲረገጥ የሚከፈት የሚያብረቀርቅ የብረት መጣያ በዓይኔ ገምቼ ገዛሁ። ቤት አምጥቼ ባስገባው ቁመቱ ከማጠቢያው ገንዳ ጋር ተጋጨ፤ ባጋድለው ደግሞ የፍሳሹ ቧንቧ ከለከለው፤ በሩም አልዘጋ አለ። ወደ ሻጩ ለመመለስ ስንፍና ያዘኝና «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ» ብዬ ከመተላለፊያው ላይ አኖርሁት። ለጊዜው ያልሁት አራት ወር ሆነ።

በዚያው ወራት እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከእኔ ጋር ይኖሩ ጀመር። ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ፥ ዓይናቸውም የደከመ ነው። አንድ ሌሊት ውኃ ሊጠጡ ተነሥተው፥ እኔን ላለመቀስቀስ መብራቱን ሳያበሩ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ፥ እግራቸው መጣያውን መታና ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸውም አንጓ ተሰበረ። እጃቸው ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሥሮ ሲቀመጥ፥ ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰው ሲያጐርሱ የኖሩት እናት በእኔ እጅ ይጐርሱ ነበር። «እማዬ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላቸው፥ «ልጄ፥ መጥኖ መደቆስማ ቀድሞ ነበር» አሉና ተረቱን ሳይጨርሱት ዝም አሉ። ቀሪውን ሁላችን እናውቀዋለን።

ሲሻላቸው ራሳቸው አጠገቤ ቆመው ቁም ሣጥኑን አስለኩኝ። ያን ጊዜ ነው ስሕተቴ ሁሉ የተገለጠልኝ። ቁም ሣጥኑ ከውጭ ሲለካ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከውስጥ ግን የሁለቱ ጐን ጣውላ ውፍረት ሲቀነስ 36 ብቻ ሆነ። በሩ ሲከፈትም ማጠፊያው ወደ ውስጥ ስለሚገባ፥ ዕቃ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ 33 ነው። ወደ ኋላ ጥልቀቱ 50 ቢሆንም፥ ቧንቧው በመካከል ስለሚወርድ ከፊቱ የቀረው 30 ብቻ ነበር። ከወለሉ እስከ ገንዳው ሥር ያለው ቁመት ደግሞ 44 ሆነ። እናቴም፥ «ይህን ሁሉ አትሙዪው፤ እጅሽ የሚገባበት ተዪለት» አሉኝ። ስለዚህ ስፋቱ 24፥ ጥልቀቱ 28፥ ቁመቱ 34 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ መጣያ ፈልገን ገዛን። ሦስቱ ቍጥሮች ተባዝተው ለ1000 ሲካፈሉ የሚይዘው በሊትር ይታወቃል፤ የእኛው 23 ያህል ይመጣል፥ ወደ ታች ስለሚጠብ ግን ከዚያ ጥቂት ያንሳል።

ከዚህም ሌላ ሁለት ነገር ተማርሁ። በእግር የሚረገጥ መጣያ ክዳኑ ወደ ላይ የሚነሣበት ቦታ ስለሚያስፈልገው ለቁም ሣጥን አይሆንም፤ በእጅ የሚነሣ ክዳን ይበቃል። ክብ መጣያም ማዕዘኖቹን ባዶ ስለሚያስቀር፥ በወርድና በቁመት እኩል ከሆነው አራት ማዕዘን ይልቅ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሚይዘው ያንሳል።

መጣያው አነስተኛ መሆኑን የሚነቅፍ ቢኖር፥ ጥቅሙ በዚህ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ከወጥ ቤታችን የሚወጣው አብዛኛው የሽንኩርት ልጣጭ፥ የጎመን ግንድና የቡና አተላ ነው፤ ይህም እርጥብ ስለሆነ በተዘጋና በጨለማ ቦታ ቶሎ ይሸታል፥ በረሮንም ይጠራል። ትልቅ መጣያ «ገና አልሞላም» እያሰኘ ሦስት ቀን ያሳድራል፤ ትንሹ ግን በየማታው መውጣትን ግድ ይላል። ከዓይን የተሰወረ ነገር ከልብም እንዳይሰወር የሚረዳው ይህ ልማድ ነው።

መለየትም ቦታ ያተርፋል። በፈረንሣይ አገር ፓሪስ የምትገኝበት አውራጃ ገዥ የነበሩት ኤዤን ፑቤል፥ በ1883 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ቤቶች ሁሉ ክዳን ያለው መጣያ እንዲኖራቸው፥ ቆሻሻውም በሦስት ተለይቶ እንዲቀመጥ አዘዙ፤ ስማቸውም በፈረንሣይኛ የቆሻሻ መጣያ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኛም በቤታችን ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ለቆራሌው በማዳበሪያ ለብቻ እናኖራለን፤ የቡናውንም አተላ በበረንዳ ላሉት አበቦች እንሰጣለን። ስለዚህ ትንሹ መጣያ ጠቦን አያውቅም።

የእናቴ እጅ አሁን ድኗል፤ ሆኖም ብርድ ሲሆን አንጓቸውን በግራ እጃቸው ሲያሹት አያለሁ፥ አያማርሩም። ስለዚህ እኅቶቼ ሆይ፥ ለቤታችሁ ዕቃ ልትገዙ ስትወጡ ሜትር ብታጡ እንኳ ክር ቍረጡና የቦታውን ልክ ይዛችሁ ሂዱ። በልኩ ሳይሆን የገዛችሁት ዕቃ ቢኖርም ለጊዜው ብላችሁ ከሰው መንገድ ላይ አታኑሩት፤ በዚያው ቀን መልሱት።