አልቦ

ኮምፕዩተር ሳይኖረን ፕሮግራም እናስተምራለን ስንል የሰማን ሁሉ ሳቀብን። እውነት አላቸው፤ ሦስታችንም የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነን። ሆኖም ባለፈው ክረምት ኢምፔሪያል አካባቢ፣ ከቀለበት መንገዱ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል 18 ልጆች ሰብስበን፣ ጠመኔና ወረቀት ይዘን ቆምን። ልጆቹ እንዳይሸሹብን «ኮምፕዩተሩ በኋላ ይመጣል» ብለናቸዋል። ይህችን ቃል አንባቢ ይያዝልን።

ዘዴው የኛ ፈጠራ አይደለም። ቲም ቤል፣ ኢያን ዊተንና ማይክ ፌሎውስ የተባሉ ምሁራን የኮምፕዩተርን አስተሳሰብ በካርድና በጨዋታ የሚያስተምር መጽሐፍ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዘጋጅተዋል። እኛም በዚያው መንገድ አንዳችንን «ማሽን» አደረግንና ልጆቹ እንዲያዙት ፈቀድን። «ወደፊት ሂድ!» አሉት፤ ሄደ። ቁም ያለው ስለሌለ ግንባሩ ከግድግዳው ጋር ተገናኘ። የዚያን ቀን ሳቅ ገርጂ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

በሁለተኛው ሳምንት ባሕረ ሐሳብ ትዝ አለን። ፋሲካ የሚውልበትን ቀን የሚያወጣው ስሌት፣ ትእዛዝ በትእዛዝ የሚሄድ ፕሮግራም አይደለም እንዴ? በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፤ ለ19 አካፍል፤ ከቀሪው 1 ቀንስ፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዛና 30፣ 30 እያልክ ግደፍ፤ የተረፈው መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓሉ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ለያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ልጅ መደብን፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የ2016ን ሞከርን። ወንበሩ 10፣ መጥቅዑም 10 ወጣ። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበርና የቅዳሜን ተውሳክ 8 ስንደምር ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ሆነ። ከዚያ 69 ቀን ቆጥረን ሚያዝያ 27 ስንደርስ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ፋሲካ የዋለው በዚያው ቀን ነዋ!

ትዕቢት መጣብን። «2006ን!» አልን። ቀሪው 1 ወጣ፤ 1 ሲቀነስ ባዶ። አባዢው ልጅ «ዜሮ በ19 ዜሮ!» ብሎ አሳለፈ፤ ቀጣይዋ ልጅ ከ14 ያንሳል አለችና «ጥቅምት ዜሮ» ብላ ጻፈች። ጥቅምት ዜሮ ደግሞ የት አገር ነው? ልጆቹ እኛን አዩ፤ እኛ ጣሪያውን።

«አልቦ ሲሆን መጥቅዑ 30 ነው፤ መስከረም 30 ይውላል» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ወረቀት አመላላሹ ልጅ ነበር። ጎጃም አብነት ትምህርት ቤት ቆይቶ አክስቱ ዘንድ የመጣ ነው። ሌሎቹ «ቆሎ ተማሪ» እያሉ ሲቀልዱበት ሰምተን ዝም ብለናል፤ እንዲያውም አንዴ አብረን ስቀናል። ዝምታውን አለማወቅ አድርገን ስለቆጠርነው፣ ስሌት የሌለበትን ሥራ ለይተን የሰጠነው እኛው ነን።

«ማን ነገረህ?»

«የኔታ ለትልልቆቹ ሲነግሩ ሰምቼ።»

እንዳለው ሠራነው። መስከረም 30 ሐሙስ፣ ተውሳኩ 3፤ ነነዌ የካቲት 3፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ልክ ነው። ለካ ጥቅምት ዜሮ የተባለችው ከጥቅምት 1 በፊት ያለችው ቀን ራሷ ኖራለች!

ልጆቹ ሲበተኑ እሱ ቀረ። «ጋሼ፣ ኮምፕዩተሩ መቼ ነው የሚመጣው?»

ተያየን። ዋሽተን ልንሸኘው እንችል ነበር። «አይመጣም» አልነው፤ «ማንም ቃል የገባልን የለም፤ እኛው ነን ያወራነው።»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ጠመኔውን ከእጃችን ወስዶ ወደ ሰሌዳው ዞረ። «አልቦ በ19 ዓመቱ ይመለሳል» አለ። «2025ን እንሥራት?»