በአቴንዳንሱ ጀርባ

1

አዳማ፣ አንድ ሆቴል። የገጠር ድህነትን የሚመለከት የሁለት ቀን ወርክሾፕ። ከገጠር ድሆች የተጋበዘ የለም። ከወረዳ የመጡ ባለሙያዎች ስለ እነሱ ይናገራሉ። እኛ እንጽፋለን።

2

አቴንዳንሱ ጠዋት ይዞራል፣ ከሰዓት ይዞራል። ውሎ አበል የሚከፈለው በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያላየናቸው ሰዎች በዚያች ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ፊርማቸው አልጎደለም። አጠገቤ መጥተው የተቀመጡ ሰው ጎንበስ ብለው «ስለ ተጠያቂነት የቀረበው ጽሑፍ እንዴት ነበር?» አሉኝ። ኮፒዬን ሰጠኋቸው።

3

የዕርዳታ ድርጅት ነጭ ላንድክሩዘር። በሩ ላይ የጠመንጃ ሥዕል፣ በሥዕሉ ላይ ቀይ መስመር። ቅዳሜ ዕለት ሙሽራ አጅቦ አየሁት። የድርጅቱ ዓርማ በአበባ ተሸፍኗል። ጠመንጃው አልተሸፈነም።

4

የማኅበረሰብ ተሳትፎን የሚያበረታታ ድርጅት፣ ቦሌ። የግቢው አጥር ላይ ሽቦ ተጠምጥሟል። ጥበቃው «ቀጠሮ አለዎት?» ይላል። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከበሩ ማዶ ቆማለች። ቀጠሮ የላትም።

5

የ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥሩ 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በሴቶችና በሕፃናት መብት፣ በግጭት አፈታት እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ብዙ ድርጅቶች ዓላማቸውን ለወጡ። ቢሮው ያው፣ ሠራተኛው ያው፣ ወረዳው ያው። ስለ ሕፃናት መብት ያስተምር የነበረው ደብተርና እርሳስ ወደ ማደል ዞረ።

የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) መብት ላይ እሠራለሁ ብሎ ቀረ። ስለዚህ ከገንዘቡ 90 በመቶው ከአገር ቤት መምጣት ነበረበት። እንደገና ሲመዘገብ ግን ከስሙ ላይ «የኢትዮጵያ» የሚለው ተነሣ። ለዓመታት ሰመጉ ተባለ።

6

ያው አዋጅና መመሪያው ከወጪው 70 በመቶው ለዓላማ፣ ቢበዛ 30 በመቶው ለአስተዳደር ይሉ ነበር። ጥሩ ነው፣ ገንዘቡ ለድሃው ይድረስ። የአሠልጣኝ አበል የት ይግባ? አስተዳደር። የመስክ ጉዞ? አስተዳደር። ክትትልና ግምገማ? አስተዳደር። ሥራው ማስተማር የሆነ ድርጅት መምህሩን ከጽሕፈት መሣሪያው ጎን መዘገበ።

በ2011 የወጣው አዋጅ 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደው። ድርጅቶቹም እፎይ አሉ። በ30 ያልበቃቸው በ20 በቃቸው። መምህሩ ዓምድ ተቀይሮለታል።

7

ሁለቱም አዋጆች እድርና እቁብን አይመለከቱም።

ሰው ሲሞት ድንኳኑ ከለቀስተኛው ቀድሞ ይተከላል። ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይገባል። የጎደለ ሳህን ካለ ማን እንደወሰደው ይታወቃል። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ባለካሬ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። ለቀብር የሚሰጠው ብር በዚያው ዕለት ለሐዘንተኛው ይደርሳል፤ ማመልከቻ የጻፈ የለም። በወሩ ስብሰባ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። የመጣ ምንም አይከፈለውም።

በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ቤት ለቤት ሲገባ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ። ሙት ከመቅበር አልፈው ሕመምተኛ መጦር፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ማገዝ ጀመሩ። ድርጅቶች ይህን ሰምተው አቅማቸውን ሊገነቡ መጡ። አንድ የማውቃቸው የእድር ዳኛ፣ ሰፈራቸውን ለብዙ ዓመት ያስተባበሩ፣ ሕዝብን ስለ ማስተባበር ቢሾፍቱ ሄደው ሠለጠኑ። ሰርተፊኬቱ ሳህኖቹ ከሚቀመጡበት መደርደሪያ በላይ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ምን ተማሩ?»

«ሎጂካል ፍሬምወርክ» አሉ።

«ምንድን ነው?»

«ይኸውልህ፣ ሥራ ከመሥራትህ በፊት ሠርቼዋለሁ ብለህ የምትሞላው ሠንጠረዥ ነው።»

8

ጎበዟ ነርስ ከጤና ጣቢያው ለቀቀች። ደመወዙ እጥፍ ነው፣ ማን ይፈርድባታል። አሁን በፕሮጀክት መኪና ወደዚያው ጤና ጣቢያ በየሩብ ዓመቱ ትመጣለች። የባለሙያ እጥረት ስለሚያስከትለው ችግር ቅጽ ትሞላለች።

9

የውኃ ቦኖ። የእብነ በረድ ጽሑፉ አምስት ስም ይዟል፦ ገንዘብ የሰጠው፣ ያስተላለፈው፣ ያስፈጸመው፣ የተባበረው፣ መርቆ የከፈተው። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበባል። ቧንቧው ከተዘጋ ቆይቷል። ልጆች ጽሑፉ ሥር ገበጣ ይጫወታሉ።

10

በቀጥታ ስርጭት የሚደረግ የገንዘብ ማሰባሰቢያ። ባለፋብሪካው የፋብሪካው ስም ከነመፈክሩ እንዲነበብለት ጠየቀ። ተነበበለት፤ ሁለተኛ እንዲነበብም አሳሰበ። ሃምሳ ብር የላከችው ሴት «የክርስትና ስሜን ብቻ በሉ» አለች።

11

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው በ1972 ወሎ ላይ ረሃብ አዩ፤ ከረሃቡ ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ትዳራቸው በዚህ ፈረሰ። ልጆቹን ለመመገብ ምግብ እየሠሩ ሸጡ። አጎሄልማ ከዚያ የተነሣ ድርጅት ነው። በ2013 ክረምት መግቢያ ሲያርፉ የሐዘን መግለጫው ሁሉ «የአፍሪካዋ ማዘር ትሬዛ» ይላል። ማዘር ትሬዛን የካልካታዋ አበበች ያለ እስካሁን አልሰማሁም።

12

በ2010 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በቀን አንድ ዶላር እንዲያዋጣ ጠየቁ። ለዚህ የተቋቋመው ትረስት ፈንድ አሜሪካ ውስጥ በሕግ ተመዘገበ፣ ቦርድ ተሰየመለት፣ ሒሳቡ ይመረመራል ተባለ። ጭብጨባው ትልቅ ነበር። መዋጮው ከታሰበው በታች ቀረ።

ያው ሕዝብ፣ ዋሽንግተን። አንድ የታክሲ ሾፌር በድንገት ያርፋል። አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ጎፈንድሚ ይከፈታል። ቦርድ የለም፣ ኦዲተር የለም። የሟቹን ስም በትክክል የማያውቅ ሰው ሃምሳ ዶላር ይልካል። ከእሑድ ቅዳሴ በፊት ይሞላል።

13

ወሎ፣ አንድ ቀበሌ። ለዳሰሳ ጥናት ታብሌት ይዘን ገባን። እናቲቱ ደጃፋቸው ላይ እህል ይለቅማሉ። ጠያቂው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው።

«እማማ፣ ስንት ዶሮ አለዎት?»

«ለየትኛው ነው የምነግርህ ልጄ?»

«ለየትኛው ማለት?»

«ለዕርዳታው ከሆነ የለኝም። ለብድሩ ከሆነ ስምንት ነው።»

እንዲህ ያለ መልስ የሚሞላበት ቦታ ታብሌቱ ላይ የለም። ዶሮዎቹ በእግራችን መሐል ያልፋሉ። ቆጠርኳቸው፣ አምስት ናቸው። ወጣቱ አራት ብሎ ጻፈ።

14

ሴፍቲኔት የተባለው የገጠር ዕርዳታ ፕሮግራም በ1997 ሲጀመር ሰው ጥሪት እንዲያፈራና እንዲወጣ ታስቦ ነው። በቂ ሀብት ያፈራ ቤተሰብ ይመረቃል። ምርቃት የሚሸሽ ሰው ያየሁት በዚህ ብቻ ነው። ጥጃዋ ለቆጠራው ሰሞን አማት ቤት ትከርማለች።

15

በሰኔ 2015 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የዕርዳታ እህል ለገበያ እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን አቆሙ። ምርመራው ወራት ፈጀ። በእነዚያ ወራት ያልበላው የተሰረቀበት ነው። የሰረቀው ምን ይበላ እንደነበር አልተጻፈም።

16

የዕርዳታ ድርጅቶች ኅብረት የሆነው ሲሲአርዲኤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በወሎ ረሃብ ሰሞን ጥቂት የሃይማኖት ድርጅቶች የዕርዳታ ሥራቸው እንዳይደራረብ ተሰባሰቡ። ጉዳዩ አጣዳፊ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

17

እያንዳንዱ ፕሮፖዛል «ዘላቂነት» የሚል ምዕራፍ አለው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ማኅበረሰቡ በራሱ ገንዘብ ያስቀጥለዋል ይላል። አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ምዕራፍ ደጋግመው የጻፉ፣ ለጋሹ ቢሄድ ቢሯቸው ምን እንደሚሆን ጠየቅኳቸው።

«እንዘጋለና» አሉ። ጥያቄው ገርሟቸዋል።

18

ጥር 2017። ከዋሽንግተን የሥራ ማቆሚያ ደብዳቤ መጣ። ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ያህል ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ አደረገ። አገሪቱ ከሰሃራ በታች ካሉት ሁሉ ከፍተኛውን የአሜሪካ ዕርዳታ ስታገኝ የኖረች ናት፤ በአንድ ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ።

ለዓመታት «ኤንጂኦ አገር ያሰንፋል» ሲል የኖረ ወዳጄ ደወለልኝ። የእኅቱ ልጅ ከሥራ ወጥታለች። የሚቀጥር ኤንጂኦ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።

19

ከተዘጉት ቢሮዎች አንዱ። መድኃኒት የምታድለው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ተሰናበተች። ገጠር ለገጠር የሚዞሩት በሁለተኛው። ሪፖርት ጸሐፊውና ሒሳብ ሠራተኞቹ ወራት ቆዩ፤ የመዝጊያ ሪፖርት መግባት ነበረበት። በሰዓቱ ገባ። በእንግሊዝኛ ነው። የማኅበረሰቡ አስተያየት የሚለው ሣጥን ተሞልቷል። ማን እንደሞላው ጸሐፊውን ጠየቅሁ።

«ካለፈው ዓመት ነው የወሰድነው» አለኝ። «ያኔም ረክተው ነበር።»