የጎደለችው ነጥብ



ከግቢያችን ውጭ ባለው መስጊድ በር ላይ በየሳምንቱ የምትለጠፈዋን የጁሙዓ ማስታወቂያ የምታነቡ እህትና ወንድሞች የእጅ ጽሑፌን ታውቁታላችሁ። ድምፄን ግን አብዛኞቻችሁ አታውቁትም። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሁለቱም ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ተብታባ ነኝ። ያደግኩት ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ መድረሳ እሄድ ነበር። ለሌላው ልጅ ሁለቱ የተለያዩ ነበሩ፤ ለኔ ግን አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ጮክ ብሎ ማንበብ አለ። የአማርኛ መምህራችን በየተራ ሲያስነብቡን የኔ አንቀጽ የትኛው እንደሆነ ቀድሜ እቆጥርና ሁለት ልጅ ሲቀረኝ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት» ብዬ እወጣለሁ። መድረሳ ውስጥ ግን ማምለጫ አልነበረም። ቂርኣት የሚጀመረው በቢስሚላህ ነው፤ ከንፈሬ ላይ ተጣብቃ የምትቀረው ፊደል ደግሞ «ባ» ነበረች። ገና ሳልጀምር እዚያው እቆማለሁ። ልጆቹም «ብ፣ ብ፣ ብ» እያሉ እስከ ቤቴ ይሸኙኝ ነበር።

በ14 ዓመቴ መሸሸጊያ አገኘሁ። የእኛ መድረሳ ያኔም በእንጨት ሉሕ ነበር የሚያስቀራው። ከሸምበቆ በተቀረጸ ብዕር፣ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ይጻፋል፤ ልጁ ሲሐፍዘው ታጥቦ ሌላ ይጻፍበታል። ኡስታዛችን ሥራ ሲበዛባቸው አየሁና የትንንሾቹን ሉሕ ልጻፍልዎ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ማገዙ አልነበረም ያነሳሳኝ። እየጻፈ ያለን ልጅ «ቅራ» የሚለው የለም።

ኡስታዝ ለተወሰኑ ወራት ምንም አላሉኝም። አንድ ቀን የጻፍኩትን ሉሕ ወደ ብርሃን አዙረው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ይቺን ባ ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ያጠፋሁ መስሎኝ ዝም አልኩ። «ቆንጆ ናት። ግን ከጎረቤቷ ጋር አይተዋወቁም፤ አንዷ ረዝማለች፣ አንዷ አጥራለች» አሉኝ። በማግስቱ በፌስታል የተጠቀለለ ፎቶኮፒ አመጡልኝ። የባግዳዱ ኸጣጥ ሃሺም ሙሐመድ በ1961 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የዐረብኛ ኸጥ መማሪያ ነበር። «ዓይንህን አትመን፤ በነጥብ ለካ» አሉኝ።

ለማታውቁት ላስረዳ። የብዕሩ አፍ በሰያፍ ይቆረጣል። ወረቀቱ ላይ አሳርፋችሁ ትንሽ ሳብ ስታደርጉት ባለ አራት ማዕዘን ነጥብ ይወጣል። መለኪያችሁ ያ ነጥብ ነው። አሊፍ አብዛኛውን ጊዜ በነስኽ 5፣ በሱሉስ ደግሞ 7 ነጥብ ያህል ትቆማለች። ብዕሩ ሲወፍር ነጥቡም አሊፏም አብረው ያድጋሉ፤ ምጣኔያቸው ግን አይለወጥም። ይህን ሥርዓት በማስያዝ የሚታወቀው በባግዳድ የዐባሲያ ኸሊፋዎች ወዚር የነበረውና በ940 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢብን ሙቅላ ነው። በሥልጣን ሽኩቻ ታስሮ ቀኝ እጁ ተቆርጧል፤ ከዚያ በኋላም ብዕር ክንዱ ላይ አስሮ ይጽፍ እንደነበር ይተረካል።

እስከዚያ ድረስ ልክ መሆን አለመሆኔን የሚነግረኝ የሰው ፊት ነበር። አንዱ ይስቅብኛል፣ ሌላው ከንፈሩን ይመጥልኛል። ነጥብ ግን አትስቅም፣ አታዝንምም። አሊፌ አራት ተኩል ከሆነች ግማሽ ነጥብ ይቀራታል፤ በቃ። ነገ እሞላላታለሁ።

ሌላም ነገር ያወቅኩት ያኔ ነው። በየመስጊዱ መደርደሪያ ላይ የምናገኘው ባለ 604 ገጹ የመዲና ሙስሐፍ በማሽን ፊደል የተለቀመ ይመስለኝ ነበር። ሶርያዊው ኸጣጥ ኡስማን ጣሃ በእጃቸው የጻፉት መሆኑን ኡስታዝ ሲነግሩኝ አላመንኩም። ያን ቀን ማታ ሙስሐፉን ገልጬ «ባ»ዎቹን አንድ በአንድ ሳስተያይ አመሸሁ። ያን ሁሉ ገጽ የጻፈ የሰው እጅ ካለ፣ የኔም እጅ የሆነ ነገር ይችል ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

15 ዓመት ሲሞላኝ የመድረሳው በር ታደሰ። ቁርኣንን የተማረና ያስተማረ ሰው በላጭ መሆኑን የሚናገረውን የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ ከበሩ በላይ እንድጽፍ ለኔ ተሰጠኝ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። በእርሳስ ነጥብ በነጥብ ለክቼ በአረንጓዴ ቀለም ሞላሁት። ጁሙዓ ዕለት ሰው ሁሉ ማሻአላህ አለ። «ወረቀት ማበላሸት» ይሉኝ የነበሩት አባቴ እንኳን ቆም ብለው አዩት።

ቅዳሜ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በሩ ሥር ቆማ ፊደል እየለቀመች «ሐይሩኩም» ብላ አነበበች።

«ኸይሩኩም ነው» አሏት ኡስታዝ።

«ነጥብ የላትማ!»

ሁላችንም ቀና አልን። እውነቷን ነው። ሐ፣ ኻ እና ጂም የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ ኻ ደግሞ ከላይዋ ምንም የለም። ስንት ወር ነጥብ ስለካ የከረምኩት ልጅ ነጥቧን ራሷን ረስቻታለሁ። ልጆቹ ሳቁ። ያ ሳቅ ከ«ብ፣ ብ»ውም ባሰብኝ። አፌ ሲከዳኝ የተሸሸግኩት እጄ ውስጥ ነበር፤ አሁን እሱም ከዳኝ።

ሁለት ቀን ከመድረሳ ቀረሁ። እናቴ «አብሽር ልጄ፤ ነጥብ ነው የጎደለው፣ ግድግዳው አልፈረሰ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን መሰላል ተውሼ ሄድኩ። ልጆቹ ሐልቃ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሐሳቤ ማንንም ሳላይ ነጥቧን አስቀምጬ ሹልክ ማለት ነበር። ኡስታዝ ግን «ለምን እንደመጣህ ንገራቸው» አሉኝ። ቆምኩ። «በ... በ... በሩ ላይ ነጥብ ረስቻለሁ። ያገኘችው እሷ ናት።» ይቺን ለመጨረስ ምን ያህል እንደፈጀብኝ አላህ ያውቃል። የሳቀም ነበር። ቢሆንም ጨረስኩት። ኡስታዝ መሰላሉን፣ ልጅቷ የቀለሙን ጣሳ ያዙልኝ፤ ወጥቼ ነጥቧን አስቀመጥኩ።

ስወርድ ማንም ሳይጠራኝ ሐልቃው ውስጥ ገባሁና መቅራት ጀመርኩ። ቢስሚላህን ለማለፍ አራት ጊዜ ሞከርኩ። ቁርኣንን እየተቸገረ የሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው የሚናገረውን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ለኔ ዓይነቱ ማጽናኛ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ቃሉ ለሚቀራ ሰው እንጂ ሽንት ቤት ለሚሸሸግ እንዳልሆነ ገባኝ።

ኸጥ መንተባተቤን አላዳነልኝም። ዛሬም ተብታባ ነኝ። ይባስ ብዬ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ገባሁ፤ ቢም፣ ቤንዲንግ፣ ቤሪንግ፣ ሁሉም በ«ባ» ነው። ባለፈው ሴሚስተር የቡድናችንን ፕሮጀክት የማቅረቡ ተራ ሲደርሰኝ ጓደኞቼ «እኛ እናቅርብልህ» አሉኝ። በቅን ልብ ነው ያሉት። ነብዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) የምላሳቸው ቋጠሮ እንዲፈታላቸው የለመኑበትን ዱዓ አድርጌ ወጣሁ። የአሥር ደቂቃው ገለጻ አሥራ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። በመሐል ቆሜ ቀርቼ ነበር። ከዚያ ቀጠልኩ።

በተለይ ለፍሬሽ ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። አንዳንዶቻችሁ ዶርም ውስጥ ግጥም ትጽፋላችሁ፣ መንዙማ ታንጎራጉራላችሁ፣ ሥዕል ትሞክራላችሁ፤ ለማንም ግን አታሳዩም። እንደኔ መሸሸጊያ አድርጋችሁት ይሆናል። መሸሸጉን ነውር አልለውም፤ እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው። ግን ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። ማሻአላህ ብቻ ብሎ የሚያልፍ ሳይሆን ግማሽ ነጥብ ይቀርሃል፣ ይቀርሻል የሚል ሰው ፈልጉ። እኔን የጠቀመኝ የጁሙዓው ሙገሳ ሳይሆን የቅዳሜዋ ልጅ ናት።

ኸጥ መሞከር የሚፈልግ ካለ ማስታወቂያውን ስለጥፍ ጠጋ ብሎ ያናግረኝ። ብዕር አለኝ፣ ያ ፎቶኮፒም እስካሁን አለ። የምንጀምረው ከ«ባ» ነው፤ ስሟን እስክጠራ ግን ትንሽ ትታገሱኛላችሁ። ማስታወቂያው ላይ ነጥብ የጎደለ ቀንም ዝም ብላችሁ አትለፉኝ፤ ንገሩኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።

የሲቪል ኢንጂነሪንግ 4ኛ ዓመት ተማሪ