ከበስተጀርባ የሚሠራው

ዛሬ የማካፍላችሁ አንድ ቅዳሜ ማታ ቤቴ ውስጥ የገጠመኝን ነው። ነገሩ የጀመረው አልከፈት ባለኝ ኮምፒውተር ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በቤት ለቤት ኅብረታችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የምመራው እኔ ነበርኩ። ምንባቡ ማቴዎስ 5፥23-24፣ ርእሱ ይቅርታ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ቆይቼ ስምንት ገጽ አዘጋጅቻለሁ፤ የቀረኝ አንዴ አይቼ ማተም ብቻ ነበር። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቼ ዎርድን ጠቅ አደረግሁ። ሰማያዊው መስኮት ብቅ አለ፣ ትንሽ ቆየ፣ ጠፋ። ደገምኩት። ብቅ አለ፣ ጠፋ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ከዚያ በኋላማ በንዴት ስንት ጊዜ እንደነካካሁት አላስታውስም።

ኮምፒውተር ለሚጠግን አንድ ልጅ ደወልኩ። "ጋሼ፣ ሰኞ ያምጡትና ፎርማት እናድርገው" አለኝ። ፎርማት ማለት ሁሉንም ማጥፋት ነው፤ የደከምኩበት ስምንት ገጽ በዓይኔ ላይ ዞረ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ "ለምን ለወንድምህ አትደውልለትም?" አለችኝ።

ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ እሷም ታውቃለች።

የታናሽ ወንድሜ እንጀራ ኮምፒውተር ነው። ነገር ግን ከእሱ ጋር ከተነጋገርን ሰባት ወር ሆኖናል። እናታችን ካረፈች በኋላ ደብረ ብርሃን ያለውን ቤቷን እኔ አከራየሁት። ታላቅ ነኝ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ቀን እሱ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ቤቱ ያንተ ብቻ ነው ወይ?" ብሎ ተናገረኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እሱም አልደወለ፣ እኔም አልደወልኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "ሰላም ነን፤ ሥራ በዝቶብን ነው" እላለሁ። በጸሎቴም ስሙን አነሣ ነበር፤ "ጌታ ሆይ፣ ልቡን መልስለት" እያልኩ።

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ደወልኩለት።

"ወንድም ጋሼ!" አለ ደንግጦ። "ምን ሆናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?"

በዚያ ሰዓት የደወልኩት ሰው ሞቶ መስሎታል። ለካ በእኔና በእሱ መካከል የቀረው የመርዶ ስልክ ብቻ ነው።

"ደህና ነን። ዎርድ አልከፈት ብሎኝ ነው" አልኩት። ከሰባት ወር በኋላ ያልኩት ይህን ነው። አፈርኩ። እሱ ለአፍታ ዝም ብሎ፣ "ስትከፍተው ምን ያሳይሃል?" አለኝ። ነገርኩት።

"ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫን" አለ። ታስክ ማናጀር የሚባለው ዝርዝር ወጣ። "ዎርድ የሚል ታያለህ?" አየሁ። ስድስት ቦታ ተደርድሯል። ተዘጋ ብዬ ያሰብኩት ሁሉ አልተዘጋም ነበር።

"መስኮቱ ነው የጠፋው፤ ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ እየሠራ ነው። እሱ እንደተጣበቀ አዲሱ በደንብ አይከፈትልህም። አንድ በአንድ ምረጥና ኤንድ ታስክ በለው።"

አንድ በአንድ ዘጋኋቸው። ቀጥሎ ኮንትሮልን ተጭኜ ሳልለቅ ዎርድን እንድከፍት ነገረኝ። በሴፍ ሞድ ልክፈተው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እሺ አልኩ፤ ተከፈተ! ሴፍ ሞድ ማለት ፕሮግራሙ በላዩ የተጨመሩበትን ነገሮች ትቶ ራሱን ብቻ ሆኖ የሚነሣበት መንገድ ነው። በዚያ ከተከፈተ ዋናው ፕሮግራም ደህና ነው፤ የሚያሰናክለው ከተጨመሩት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድ-ኢንስ ገብተን ከታች "ጎ" የሚለውን ስጫን ዝርዝሩ መጣ። ከወር በፊት በነፃ አገኘሁ ብዬ ራሴ የጫንኩት የፒዲኤፍ መቀየሪያ እዚያ ተቀምጧል። ምልክቱን አነሣሁበት፤ ዎርድን ዘግቼ እንደ ወትሮው ከፈትኩት። ሠራ።

"ይሄ ባይሆን ኖሮ ሪፔር የሚል አለ፤ እሱን እንሞክር ነበር" አለኝ። "ፎርማት አያስፈልግም። ደግሞ ፕሮግራሙ እንቢ ስላለ ጽሑፍህ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ፋይሉ ለብቻው ነው የሚቀመጠው።"

ስምንቱ ገጽ ፊቴ ተዘረጋ። ርእሱ ጎላ ብሎ ተጽፏል፦ "የበደለንን ወንድም ይቅር ማለት"። ስልኩ ገና ጆሮዬ ላይ ነው። ከሥሩ ያለውን ምንባብ ዓይኔ አየው፤ ደነገጥኩም።

ጌታ በዚያ ክፍል የሚናገረው መባውን ይዞ መሠዊያው ጋ ስለደረሰ ሰው ነው። ያ ሰው እዚያ ቆሞ ትዝ የሚለው ወንድሙ በእሱ ላይ የያዘው ነገር ነው። እኔ ግን ሁለት ሳምንት የጻፍኩት እኔ በወንድሜ ላይ ስለያዝኩት ነበር። ስምንቱንም ገጽ የጻፍኩት ተበዳይ ሆኜ ነው። የተራራውን ስብከት የሰሙት በገሊላ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ መሠዊያው ያለው ኢየሩሳሌም ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መባህን እዚያው ትተህ ሂድ ሲባሉ የቀናት መንገድ ተመለሱ መባላቸው ነው። የእኔ ወንድም ግን አንድ ስልክ ያህል ነበር የራቀኝ።

"ስማኝ" አልኩት። "ቤቱን ሳልጠይቅህ ማከራየቴ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ።"

ብዙ ዝም አለ። "የገንዘብ ነገር መሰለህ እንዴ፣ ወንድም ጋሼ?" አለ በመጨረሻ። "እንደሌለሁ ቆጠርከኝ እኮ።"

መልስ አልነበረኝም። "አዎ፣ እንደዚያ አድርጌሃለሁ" ብቻ አልኩ።

በዚያ ሌሊት ሁሉም ነገር አላለቀም። የኪራዩ ጉዳይ ዛሬም የምንነጋገርበት ነው። ነገር ግን በሳምንቱ ከልጆቹ ጋር መጥቶ አብረን ምሳ በላን፤ የኪራይ ውሉንም አምጥቼ አሳየሁት። የእሑዱ ጥናትም ከስምንት ገጽ ወደ አንድ ገጽ ወረደ፤ የቀረውን ጊዜ የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው።

ወገኖቼ፣ ቂም እንዲሁ ነው። መስኮቱን እንዘጋለን፤ "ትቼዋለሁ፣ ለጌታ ሰጥቻለሁ" እንላለን፤ እንዘምራለን፣ እናገለግላለን። እሱ ግን ከበስተጀርባ ይሠራል። ጸሎታችን ብቅ ብሎ ሲጠፋብን፣ ቃሉን ከፍተን ቃሉ አልከፈት ሲለን፣ ሌላ ሌላውን እንነካካለን። ጳውሎስ በኤፌሶን 4፥26-27 በቁጣችን ላይ ፀሐይ እንዳይገባ የሚመክረን፣ ያደረ ቁጣ ለዲያብሎስ ቦታ እንደሚሰጥ ስለሚያውቅ ነው። እኔ ሰባት ወር አሳድሬዋለሁ።

ከኅብረታችን አንዲት እህት፣ "ደውዬ ባያነሣልኝስ?" ብላ ጠየቀች። ሮሜ 12፥18 የሚለን በእኛ በኩል የሚቻለንን ያህል ነው። የእኛ ድርሻ መደወል ነው፤ የማንሣቱ ድርሻ የእሱ ነው። ጌታም ሁለቱንም ያያል።

እስቲ ዛሬ ራስህን ጠይቅ፤ አንቺም ጠይቂ፦ ስልኬን ሲያይ ሰው የሞተ መስሎት የሚደነግጥ ማን ነው?

ጌታ ሆይ፣ የዘጋሁ መስሎኝ በልቤ የሚሠራውን አሳየኝ። የበደሉኝን ስቆጥር የበደልኩትን እንዳልረሳ እርዳኝ። ስልኩን የማነሣበትን ትሕትና ስጠኝ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።