ሲስተሙ ተቀብሏል፤ ማን ያንብብ?

«ሲስተም የለም» የምትለዋን ቃል የማያውቅ ያገራችን ሰው ያለ አይመስለንም። ባንክ ሄደን ሰምተናታል፤ ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፈን ሰምተናታል። ትርጉሟም «ነገ ተመለሱ» ማለት ነው። እኛ ግን ዛሬ ስለ ተገላቢጦሹ፣ ሲስተም በኖረ ጊዜ ስለሚሆነው ነገር ልናወጋችሁ ተነሥተናል። የዚችን መጽሔት ዝግጅት ከተረከብን ወዲህ ጽሑፍ የምንቀበለው በእጅ አይደለም፤ በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የጽሑፍ መቀበያ ነው። እናንተ የምታነቡት በወረቀት የተባዛውን ነው፤ ከበስተኋላው ያለውን ጉድ የምናውቀው ግን እኛው አዘጋጆቹ ነን።

ለማያውቀው ለማስረዳት ያህል ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው አካውንት ይከፍታል፤ ስሙን፣ የጽሑፉን ርእስና አጭር መግለጫ ይሞላል፤ «ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አልታተመም» ከሚለው ጎን ምልክት ያደርጋል፤ ፋይሉን ይጭናል፤ ይልካል። ከዚያ ወዲያ ጽሑፉ አራት በር ያልፋል፤ መቀበያ፣ ግምገማ፣ እርማት፣ የኅትመት ዝግጅት። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ሲስተሞች ብዙ ናቸው። ታላላቆቹ አሳታሚዎች ኤዲቶሪያል ማኔጀርና ስኮላርዋን በመሳሰሉት ይሠራሉ፤ እነዚህ በገንዘብ ናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. በካናዳ የተቋቋመው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ያወጣው ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ ደግሞ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ነው፤ እንደኛ ኪሱ ባዶ ለሆነ አዘጋጅ ሁሉ ደርሶለታል። የኛው የየትኛው ወገን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ወቀሳችንም ምስጋናችንም በአንዱ ላይ አይደለም፤ ጠባያቸው የወንድማማች ነውና።

ከምስጋናው እንጀምር። ሲስተም ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ዘመን «የመሳቢያ ዘመን» ብለን እንጠራዋለን። ጽሑፍ በእጅ ይመጣል፤ አዘጋጁ «እሺ፣ እናየዋለን» ይላል፤ ወረቀቱ መሳቢያ ይገባል፤ መሳቢያው ይቆለፋል፤ አዘጋጁ ይመረቃል፤ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ጸሐፊው መጥቶ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው ሰው የለም። የአዘጋጁ የዶርም ጓደኛ ግጥም ግን ምንም ቢሆን መሳቢያ አትገባም! አሁን እንዲህ የለም። የተላከ ጽሑፍ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የመጣበት ቀንና ሰዓት ይመዘገባል፤ ማን እንደከፈተው፣ ማን እንዳቆየው በግልጽ ይታያል። «አልደረሰንም» ብሎ ነገር የለም። አዘጋጅ ሆኖ ሰነፍ መሆን ይቻላል፤ ስንፍናን መደበቅ ግን አስቸጋሪ ሆኗል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ወቀሳው ስንሄድ መጀመሪያ የምናገኘው የስም ነገር ነው። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች የሰው ልጅ ሁሉ የቤተሰብ ስም ያለው መስሏቸዋል። እኛ አገር ደግሞ ሰው የራሱ ስም አለው፤ የአባቱ ስም አለው፤ በቃ። ታዲያ ሲስተሙ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ቦታ ካልተሞላ ወዲያ ወዲህ አላሳልፍም ይላል። ጸሐፊዎቻችን ምን ያድርጉ? አንዱ የአያቱን ስም ሞላ። ሌላው የአባቱን፣ የእናቱንና የሦስት እኅቶቹን ስም ደርድሮ ላከ፤ ቤተሰብ ተብሎ ተጠይቋልና ትክክል ነው! አንዱማ የእውነቱን ነው ያደረገው፤ «የለኝም» ብሎ ጻፈ። ሲስተሙም ሳይውል ሳያድር «ውድ የለኝም ሆይ፣ ጽሑፍዎ ደርሶናል» ሲል መለሰለት። ለፍትሕ ያህል ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ በኋለኞቹ እትሞቹ የቤተሰብ ስምን ግዴታ ማድረጉን መተዉን እንመሰክራለን። እስከዚያው ግን ስንቱ ያገራችን ምሁር በአባቱ ስም ብቻ በዓለም መዛግብት ሲጠራ ኖሯል። ልጅ ጽፎ አባት ተጠቀሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው የፊደል ጣጣ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የወጡት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ይከተሉ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬም ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተቀዳ ጽሑፍ ሲመጣልን የምናየው ጥያቄ ምልክትና ነቁጥ ብቻ ነው። ይህስ ይሁን። የፊደሉ ችግር ቢፈታም የአጻጻፋችን ልማድ አለ። አንድ ገምጋሚ ስንፈልግ «ዓለሙ» ብለን ብንጽፍ ሲስተሙ «የለም» ይላል፤ ሰውየው «አለሙ» ተብለው ተመዝግበው ይሆናላ! ፀሐይና ጸሐይ፣ ሠናይትና ሰናይት ለኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለሱ ግን ተዋውቀውም አያውቁም።

ሦስተኛው ዘመን መቁጠሪያ ነው። ለገምጋሚዎች አራት ሳምንት እንሰጣለን፤ ሲስተሙም ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያስታውቃቸዋል። «ዲሴምበር 8» የምትል ቀጠሮ የደረሰቻቸው አንድ ደግ መምህር ታኅሣሥ 8 መስሏቸው ልባቸውን ጥለው ተቀመጡ። ዲሴምበር 8 እኮ ገና ኅዳር 29 ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲስተሙ በየማለዳው «ዘግይተዋል፣ ዘግይተዋል» እያለ ሲወተውታቸው፣ እሳቸው ደግሞ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» እያሉ ሲቆጡ ሰነበቱ። ሌሎች ደግሞ «23:59» የምትለዋን ሰዓት ከኛ አቆጣጠር ጋር ለማስታረቅ ሲታገሉ ሌሊቱ ይነጋባቸዋል። የጸሐፊ ድካም ሰዓት በመቁጠር ሲያልቅ ያሳዝናል።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር እንደቀልድ ነው፤ ቢሆንም ልብ ይሏል። ሥራችን በምንናገረው ቋንቋ፣ በምንቆጥረው ቀን፣ በምንጠራበት ስም ያልተሠራ ዕቃ ስንይዝ ሁልጊዜ የምንታጠፈው እኛ ነን። ዕቃው አይታጠፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ጽሑፍ መጣልን። ላኪዋ ከሩቅ ግቢ ያለች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለዕረፍት አገሯ በገባች ጊዜ እናቶች በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩትን ከአያቷ አፍ ጽፋ፣ የእያንዳንዱን ነገር ትርጉምና ምክንያት አክላ ነው የላከችው። የሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ የእጁ ወፍጮ ዝም ብሏል፤ አብሮትም እንጉርጉሮው። ጽሑፉ ግን በኮምፒዩተር የተጻፈ አይደለም። መስመር ባለው ደብተር፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ፣ ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ የተነሣ፣ አሥራ አራት ፎቶ! ሲስተሙ ምን ገዶት፣ አሥራ አራት ፋይል ብሎ ተቀበለ፤ ቁጥር ሰጠ። «ለአዘጋጁ ማስታወሻ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ እንዲህ የሚል ሰፍሯል፦ «ኮምፒዩተር የለኝም። አያቴ አርጅታለች። ከቻላችሁ ቶሎ አንብቡልኝ።»

ስብሰባ ተቀመጥን። አንዱ ወዳጃችን «ደንብ ደንብ ነው፤ በኮምፒዩተር ያልተጻፈ አይታይም ብለናል። መልሱላት» አለ። መመለስ ደግሞ ቀላል ነው፤ አንዲት ቁልፍ ናት። ቁልፏን ስትጫናት አስቀድሞ የተጻፈ ደብዳቤ ይወጣል፤ ስሟን ራሱ ይሞላል፤ «ስላቀረቡልን እናመሰግናለን፤ ይሁን እንጂ...» እያለ ይሄዳል። የአፍታ ሥራ ነው። ሌላይቱ ወዳጃችን ግን ተነሥታ «ኧረ ተዉ! ደንቡ የወጣው ለማንበብ እንዲመቸን ነው ወይስ እንዳናነብ?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ፎቶ ከፍቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አራተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ የደንቡ ነገር ቀርቶ ገጾቹን እየተከፋፈልን ነበር። በሁለት ሌሊት ዶርም ውስጥ ጽፈን ጨረስነው።

ከኛ በፊት የነበሩት የተማሪ መጽሔት አዘጋጆች ጽሑፉን ሁሉ በስቴንስል ላይ በጽሕፈት መኪና መምታት ነበረባቸው። ስለዚህ የወደዱትንም ያልወደዱትንም ቃል በቃል ያነቡ ነበር፤ ጣት ሳያነብ አይመታምና። እኛም በእነዚያ ሁለት ሌሊቶች ያየነው ይህንኑ ነው። የሰው ጽሑፍ ቁጭ ብለህ ስትገለብጥ የት እንደቆመ፣ የት እንደፈራ፣ የት እንደደፈረ ታውቃለህ። ሲስተሙ ይህን ድካም ቀንሶልናል፤ ከድካሙ ጋር የነበረውን ንባብ አብሮ እንዳይወስድብን ግን መጠበቅ የኛ ፋንታ ነው።

ጽሑፉ ለገምጋሚ ሄደ። አሠራሩ ጸሐፊና ገምጋሚ እንዳይተዋወቁ ነው። ገምጋሚው አመሰገኑ፤ ነገር ግን «የአገር ቤት አነጋገሩ በመደበኛው አማርኛ ይስተካከል» የሚል አስተያየት አከሉ። አስተያየቱን ላክንላት። በሦስተኛው ቀን መልሷ መጣ፤ አንድ መስመር ናት፦ «ይህን ያለችው አያቴ ናት፤ እሷን ላርማት አልችልም።» እኛም ሳንጨምር ሳንቀንስ ለገምጋሚው አስተላለፍነው። ገምጋሚውም «ደራሲው ልክ ናቸው። እንዳለ ይለፍ» ብለው ጻፉ።

እስቲ ይህችን «ልክ ናቸው» አስተውሏት። በኛ ቋንቋ ሰው «እኔ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም፤ ስለሌላ ሰው ስንናገር ግን ግሡ ሁሉንም ያወጣዋል። ገምጋሚው ማንነቷን ስላላወቁ አንቱ አሏት። ፊት ለፊት አግኝተዋት ቢሆን «አንቺ ልጅ» ይሏት እንደነበር አንጠራጠርም። ከሩቅ ግቢ ያለች የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቃሏ በቃሉ ተመዝኖ አንቱ ተባለች። ይህን ያደረገው ሲስተሙ ነው፤ ወቀሳችንን ስንደረድር ይህን ብንሰውር ግፍ ይሆንብናል።

ጽሑፉ ታተመ። አያትየው ሊንክ አይከፍቱምና ሁለት ቅጂ በአውቶቡስ ላክንላት። ለፋሲካ አገሯ ገብታ እንዳነበበችላቸው፣ እሳቸውም በመካከል እያቋረጡ የተረሳ እንዳስጨመሩ በዚያው በማስታወሻ ሣጥን ጽፋልናለች። ሲስተሙ ግን በዚያ ቁጥር ላይ «ተዘግቷል» ይላል።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን አንድ ውል አለን። ጽሑፍ ለመመለስ ያችን ቁልፍ እንጫናለን፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ደብዳቤ ብቻውን አይወጣም። ጽሑፉን ያነበበው አዘጋጅ ቢያንስ ሦስት መስመር በራሱ ቃል ይጨምራል፤ አንዱ መስመር የወደደውን፣ አንዱ ያልሆነለትን፣ አንዱ ምን ቢደረግ እንደሚሻል። ፈተና እየደረሰ ነው፣ ጊዜ የለም፣ አሳይመንት አለ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ እውነትም ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ሌሊቱን ሲጽፍ አድሮ ለላከው፣ የሦስት መስመር ያህል ጊዜ ከሌለን አዘጋጅ ተብለን መጠራታችን ለምንድር ነው? መመለስ ውርደት አይደለም። ሳይነበቡ መመለስ ግን ያንገበግባል፤ ብዙ እጅ ከመጻፍ ያስቀራል።

እንግዲህ እናንተ ጽሑፍ በእጃችሁ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ ላኩ። የቤተሰብ ስም ሲጠይቃችሁ የአባታችሁን ሙሉ፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አይታችሁ ያዙ፤ ኔትወርኩ መሐል ላይ ቢቋረጥባችሁ ተስፋ ሳትቆርጡ ደግማችሁ ጫኑ። ኮምፒዩተር የሌላችሁ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩ፤ ጽሕፈታችሁ ብቻ ይነበብ። በማስታወሻዋም ሣጥን የልባችሁን አስፍሩ። ሲስተሙ አያነባትም፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምንከፍተው እሷን ነው።